የዳምጤ መኪና አፍንጫ

መርዶ ማርዳት በእኛ አገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ትምህርት ቤት አልተከፈተለትም እንጂ እንደ ቅኔው ደረጃና ሥርዓት አለው። ሰዓቱ ሊነጋጋ ሲል ነው። ሽማግሌ ይቀድማል፣ የንስሐ አባት ይከተላል፣ ክንደ ብርቱዎቹ ደግሞ ሐዘንተኛው ራሱን ከመሬት እንዳይጥል ግራና ቀኝ ለመያዝ ከኋላ ይቆማሉ። እስከዚያ ድረስ አገር ያወቀውን እሱ አያውቅም። አባቱ የሞተበት ሰው ገበያ ውሎ፣ በሬ ተከራክሮ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ጎረቤቱም ምንም እንዳልሆነ አብሮት ሲጫወት ያመሻል። ይህን ጭካኔ ነው የሚል አይጠፋም። እኔ እንዲያ አይመስለኝም። ያቺ ሌሊት የሰውዬው የመጨረሻ ሙሉ እንቅልፍ ናት፤ ጎረቤት የሚጠብቅለትም እሷኑ ነው።

ችግሩ ሥርዓቱን ያወጡት አባቶቻችን በእግርና በበቅሎ የሚሄዱ ሰዎች መሆናቸው ነው። በቅሎ ጌታዋ አለቀሰ አላለቀሰ መንገዷን አትስትም። ሐዘንተኛ ላይዋ ተቀምጦ ደረቱን ቢደቃ፣ ልጓሙን ቢለቅ፣ ዓይኑን ቢጨፍን ከቤቱ ደጃፍ ታደርሰዋለች። መኪና የመጣ ጊዜ ግን ሥርዓቱ ጨነቀው። ሾፌሩን የሚያረዳው ማን ነው? ካረዱትስ በኋላ መሪውን የሚይዘው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሊቅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከቢቸና ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጥያቄው ራሱ መኪና ተሳፍሮ ሲሄድ አይቻለሁ።

በዚያን ዘመን የቢቸና ስልክ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ተቀምጬ እጀታውን አሽከረክራለሁ፣ እጮኻለሁ፣ ደግሞም አዳምጣለሁ። ስልክ ያን ጊዜ ሩቅ ላለው ሰው የማይሰማ፣ ለጎረቤት ግን ጥርት ብሎ የሚሰማ መሣሪያ ነበር። ስለዚህ የአውራጃው ምስጢር ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ፣ ቀጥሎ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ የሚሞቁት ሰዎች ዘንድ ይደርሳል።

ዳምጤ ወዳጄ ነበር፤ የከተማውም ሾፌር ነበር። የከተማው ስል እያጋነንኩ አይደለም። ከእህል ጫኙ ካሚዮን በቀር ከቢቸና ሞጣ የምትመላለሰው መኪና የእሱ ብቻ ነበረች። ሸራ የለበሰች፣ ዕድሜዋን ባለቤቷም የማያውቀው፣ ከኋላዋ አግዳሚ ወንበር የተገጠመላት መኪና ናት። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ብቻ ስለሚሆን ዳስ ተጥሎላት እንደ ከብት ትከርማለች።

ዳምጤ ትውልዱ ሞጣ ነው። እናቱ እማሆይ ሙሉነሽ ቆብ ደፍተው እዚያው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይኖሩ ነበር። ሌሎቹን ልጆቻቸውን በሕፃንነታቸው ቀብረዋል፤ የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። ሞጣ በደረሰ ቁጥር ተሳፋሪ ከማውረዱ በፊት መኪናዋን ከደጃቸው ያቆማታል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ማን ሰምቶት! እማሆይ ልጃቸውን አገላብጠው ሲስሙ ይቆዩና መኪናዋንም ይመርቃሉ።

አንድ ቀን ሲመርቁ መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አሳርፈው ኖሮ ደንግጠው አነሡት። «ልጄ፣ ይህች ፍጥረት ትኩሳት አላት እኮ! ምነው ዝም ትላታለህ?» አሉት። እኔና እናንተ ብንሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ዳምጤ ግን እናቱ የተናገሩትን ስቆ የሚያልፍ ልጅ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳብ ገባው። ጠዋት በብርዱ በሁለተኛ ማርሽ የምትወጣውን ዳገት ከቀትር በኋላ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው የምትወጣው። ጭነቱ ያው ነው፣ ቤንዚኑም ያው ነው፣ ሾፌሩም ያው ዳምጤ ነው። ታዲያ ምኑ ተለወጠ? አየሩ! መኪና ቤንዚን ትጠጣለች ብለን እንተዋለን እንጂ እሷም እንደ ማንኛችንም ትተነፍሳለች። የምትተነፍሰው ግን ከኮፈኗ ሥር ታፍኖ የጋለውን፣ የራሷን ሙቀት ነው። «ጭስ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት ያደረ ሰው ዳገት ውጣ ቢሉት ምን ጉልበት ይኖረዋል?» አለኝ። ነገሩ ሲያስቡት እውነት አለው። እኛ ግን አላሰብነውም።

የላምባ ቆርቆሮ ቀዶ ቧንቧ ጠቀለለ፤ አንዱን ጫፍ ከራዲያተሩ ጎን በፊት ለፊት አውጥቶ አፉን ለነፋስ ከፈተው። ቆርቆሮ አይታጠፍም፤ ሞተር ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ቧንቧውን አየርና ቤንዚን ከሚቀላቅለው ከካርቡራተሩ ጋር የሚያገናኘው መታጠፊያ የፍየል ስልቻ ሆነ፤ ግራና ቀኙ በጠፍር ጥፍንግ ተደርጎ ታሰረ። በቧንቧው አፍ ላይ ውኃ የተነከረ ጆንያ ጋረደ። እርጥብ ጨርቅ የለበሰ እንስራ ውኃውን ካቀዘቀዘ እርጥብ ጆንያ አየሩን የማያቀዘቅዝበት ምን ምክንያት አለ? የቀድሞውን የአየር ማጣሪያም ቦታ አጣበበብኝ ብሎ ነቀለው፤ አቧራውን ጆንያው ይይዘዋል። ይህም አልበቃው ብሎ ከሞተሩ የሚወጣውን የጭስ ቧንቧ ሙቀት እንዳይረጭ ጭቃና ጭድ አቡክቶ እንደ ቤት መረገው። ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እሱም እንደገና ይመርጋል። በዓለም ላይ ግድግዳ እንዳለው ጎጆ በየጊዜው የምትመረግ መኪና ያለቻት ከተማ ቢቸና ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ስልቻውን የሰጡት ጎረቤቱ እትዬ አምሳል ነበሩ፤ በርበሬ ሲይዙበት የኖሩት ስልቻ ነው። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሣ ቀን በመኪናዋ ጅራት የወጣው ጭስ መንገደኛውን ሁሉ አስነጠሰው፤ አንዲት የጭነት አህያ እንኳ እያስነጠሰች ሸሸች። ከተማው ቧንቧውን «አፍንጫ» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና። እኔ ምች እንዳይመታት ዳማ ከሴ አሽትላት ብዬዋለሁ። የንስሐ አባቱ አባ ወርቁ እንኳ፣ ቧልት የማይወዱት አባ ወርቁ፣ «ፈጣሪ አዳምን ከጭቃ አበጅቶ እፍ አለበት፤ ዳምጤም ጭቃውን ጨርሷል፣ እፍ ማለቱ ብቻ ነው የቀረው» አሉ። እትዬ አምሳል ደግሞ ስልቻዬን መልስ እያሉ ሰው በተሰበሰበበት ይጠይቁት ነበር። ዳምጤ ለማናችንም መልስ አይሰጥም። እኛ ስንስቅ እሱ ጠፍሩን ያጠብቃል። በጋውን ሙሉ አንድም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ስለዚያ አፍንጫ አንዲት መልካም ቃል አልወጣውም።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ከሞጣ ተደወለ። እማሆይ ሙሉነሽ ከኪዳን ተመልሰው፣ ደጃቸው ላይ እንደ ተቀመጡ፣ ሳይታመሙ አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬውኑ ነው። ለልጃቸው ሲባል ካህናቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በላይ አይቆዩም። እኔም «እሺ፣ እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በዚያች ቀን ብቻ ግድግዳው ሥር ሰው ባለመኖሩ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

የአገራችን እናት ልጇን ስታቆላምጥ «ቅበረኝ» ትላለች። ሁሉም ይለዋል፤ ከአፍ የማያልፍ ቃል ነው። እማሆይ ሙሉነሽ ግን ልጅ መቅበር ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሴት ነበሩና «ቅበረኝ» ሲሉ ቃሉን ከልባቸው ነበር የሚሉት። እሱ ሳይደርስ አፈር ከለበሱ፣ ዕድሜ ልካቸውን የለመኑት አንድ ነገር ቀረባቸው ማለት ነው።

ሮጬ አባ ወርቁንና እትዬ አምሳልን ጠራሁ፤ ስልክ ቤቱ ውስጥ በር ዘግተን ተማከርን። ካሚዮኑ እህል ጭኖ ደብረ ማርቆስ ወርዷል። በበቅሎ ቢኬድ ሞጣ የሚደረሰው ነገ ነው። ያለችው መኪና የዳምጤ ናት፤ መንዳት የሚያውቀውም ዳምጤ ብቻ ነው። «ሐዘን የገባበት እጅ መሪ አይጨብጥም» አሉ አባ ወርቁ። እውነታቸውን ነው። እንንገረው ብንል ማንም ክርስቲያን መሪ አያስይዘውም፤ ይዞ ቢሄድም ከመጀመሪያው ገደል አያልፍም። አንንገረው ብንል ደግሞ ቀብሩ ያመልጠዋል። እትዬ አምሳል በነጠላቸው አፋቸውን አፍነው ያለቅሳሉ። በመጨረሻ ሦስታችንም አንድ ነገር ላይ ደረስን፤ ዳምጤ ሳያውቅ ራሱን በራሱ ወደ እናቱ ቀብር መንዳት አለበት።

ግን እንዴት አድርገን እናስነሣው? ዳምጤ መኪናው ሳትሞላ የማይነቃነቅ ሰው ነው፤ ቀኑም የገበያ ቀን አይደለም። ለምን፣ ምን ሆናችሁ ብሎ እንዳይጠይቅ ልቡን የሚወስድ ነገር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ነው አፍንጫው ትዝ ያለኝ። እናመስግነው፤ እስከ ሞጣ ተሳፍረን ጉልበቷን እንመስክር እንበለው አልኩ። አባ ወርቁ ጾም ነው፣ ደግሞም ካህን ነኝ፣ ውሸት አልናገርም አሉ። ጥቂት አሰቡና «አንተ ዋሽ፤ እኔ አጠገብህ ቆሜ ዝም እላለሁ» ብለው ነገሩን አስታረቁት።

ሄድን። ዳምጤ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ጭቃ ይመርጋል። እኔ ቆሜ ንግግር አደረግሁ። ቢቸና በድላሃለች አልኩት። አስተዋይ ሰው በአገሩ አይከበርም አልኩት። ይህ አፍንጫ በፈረንጅ አገር ቢሠራ ኖሮ ሠሪው ይሸለም ነበር አልኩት። አባ ወርቁ ዝም እላለሁ ያሉትን ረስተው «አየር የእግዚአብሔር ነው፤ ቀዝቃዛም አየር መልካም ነው» አሉ፤ በዚህ ውስጥ ውሸት የለበትም። እትዬ አምሳልም በተሰበረ ድምፅ «ስልቻውም ቢሆን ጥሩ ስልቻ ነው ልጄ፣ አልፈልገውም፣ ይሁንልህ» አሉት።

ዳምጤ ወጣ። የእጁን ጭቃ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ጠረገ፣ ጠረገ፣ እጁ ከጸዳም በኋላ ጠረገ። እኔን አየኝ፣ አባን አየ፣ እትዬ አምሳልን አየ። አመነን ብዬ ልቤ ተመለሰ። «በስንት ሰዓት ሞጣ ብትደርስ ነው የምታምኑት?» አለ። እንዲያው ለነገሩ ያህል፣ ከዘጠኝ በፊት ብትደርስ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ውኃ ላምጣ ብሎ ቤት ገባና ቆየት ብሎ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ምስጋና ያልለመደ ሰው ሲመሰገን ፊቱን ይታጠባል ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል። ያ ዝምተኛ ሰው አፉ ተከፈተ። ከቢቸና ጀምሮ ስለ አፍንጫው ሲነግረን ሄደ፤ ድምፅዋን ስሙ፣ ትንፋሿ እንዴት እንደረዘመ ስሙ ይለናል። እኛም እየሰማን ነው እንላለን። በየጅረቱ ይቆማል፤ ጆንያውን ነክሮ፣ ሮጦ ይመለሳል፣ ይነዳል፣ እንደገና ያወራል። ሬሳ ወደሚጠብቀው ቦታ የሚሄድ ሰው ስለ ቀዝቃዛ አየር ሲያወራ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? በሕይወቴ ሰው እንደዚያ አሳዝኖኝ አያውቅም። እትዬ አምሳል ከኋላ ሲቃ አመለጣቸው። ዳምጤ ግን ዞር እንኳ ሳይል «አቧራው ነው እትዬ፣ ነጠላዎን ሸፈን ያድርጉ» አላቸው።

ደብረ ወርቅን አልፈን አንድ ዳገት እንደ ጀመርን መኪናዋ እንደ ታመመ ሰው ሳለች፤ ደግማ ሳለችና ጸጥ አለች። ፀሐይ ከአናታችን ማዘንበል ጀምራለች። ዳምጤ ኮፈኑን ከፍቶ ስልቻውን ዳሰሰ። በየጅረቱ የነከረው ጆንያ ውኃውን እያንጠባጠበ ስልቻውን አርሶት ኖሯል፤ ቆዳው ሲርስ ለሰለሰ፣ ሞተሩ ዳገት ላይ አየሩን አጥብቆ ሲስብ ግራና ቀኙ ተጣበቀ። መኪናዋ በገዛ አፍንጫዋ ታፈነች። እንግዲህ ንቀለውና እንሂድ አልኩት፤ ጭንቀቴ ከድምፄ ይሰማል። ማጣሪያዋን ነቅያለሁ፣ ይህን ሁሉ አቧራ እንዲሁ ከሳበችው ሞጣ አታይም አለ። ስልቻውን ከውስጥ ወጥሮ የሚይዝ፣ እንደ ጎድን አጥንት ያለ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ዙሪያውን አየን፤ ያለው የታረሰ ማሳ ብቻ ነው፣ አንዲት የምትታጠፍ ሐረግ እንኳ የለችም።

አባ ወርቁ ጥቁር ጃንጥላ ነበራቸው። ከአዲስ አበባ የመጣላቸው፣ ዲያቆን እንኳ የማያስይዙት፣ በሌላ ቀን ብትነኩት የሚገዝቷችሁ ጃንጥላ ነው። ጨርቁን ሸረከቱት፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው ለዳምጤ ዘረጉለት። ዳምጤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። «ፀሐይ ይመታዎታል እኮ አባ» አለ። «ዛሬስ ይምታኝ ልጄ» አሉት። እዚያ ላይ ተያዩ። የአባ ወርቁ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ስላየሁ አበቃ፣ ሊነግሩት ነው አልኩ። ዳምጤ ግን ፈጥኖ ወደ ሞተሩ ዞረ። ሽቦውን ክብ ክብ አድርጎ አጠፈው፣ ስልቻው ውስጥ ከተተው፣ ጠፍሩን አሰረው። መኪናዋም ተነሣች። ስለ እውነት እመሰክራለሁ፤ ያን ዳገት በከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሁለተኛ ማርሽ ወጣችው። ተአምር ነው ለማለት የደፈረ ግን ከመሃላችን አልነበረም።

ሞጣ ስንቃረብ የቀረው የእኔ ሥራ ነበር። ከከተማው መግቢያ ላይ የአጎቱ ቤት አለ፤ ሽማግሌዎቹ እዚያ ተሰብስበው ሊያረዱት እንዲጠብቁ ከቢቸና ሳንነሣ በስልክ ተነጋግረን ነበር። እስቲ አጎትህ ቤት ጎራ ብለን ውኃ እንጠጣ አልኩት። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ነዳ። ማውራት መተዉን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአጎቱ ደጃፍ ቆመዋል፤ መኪናዋ አጠገባቸው ስትደርስ አልቆመችም። አልፋቸው ሄደችና፣ ማንም ሳይነግረው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፈች። ፍትሐቱ አላለቀም፤ ሕዝቡ ከዛፎቹ ሥር ቆሟል፤ ሬሳው በመካከል ነው። ዳምጤ ሞተሩን አጠፋ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወደ እኔ ዞረና «በሉ እንግዲህ፣ አሁን ያዙኝ» አለ።

እኔ በቀኝ፣ አባ ወርቁ በግራ ያዝነው። ከቢቸና ድረስ ጨብጦት የመጣው ጩኸት እዚያ ግቢ ውስጥ ሲወጣ ካህናቱ ንባባቸውን ገታ አድርገው ጠበቁት። እናቱን አፈር ያለበሰው እሱ ነው። የተባለውን ፈጸመ።

ለሰልስት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ከአጎቱ ደጃፍ የቀሩት ሽማግሌዎች ቅሬታቸውን አመጡ። በሥርዓቱ መሠረት ዳምጤ ገና መርዶ ያልተነገረው ሐዘንተኛ ነውና ነገሩ እንዲሁ ሊቀር አይገባም አሉ። አንደኛው፣ ንግግር አዘጋጅተው የነበሩት፣ ከነመቋሚያቸው ብድግ ብለው «ሞት ለማንም አይቀርም፤ እንግዲህ እናትህ…» ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ለቀባሪው አረዱት ሲባል እሰማ ነበር እንጂ በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ዳምጤ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።

ሽማግሌው ሲቀመጡ ጠጋ ብዬ በጆሮው ጠየቅሁት። መቼ ነው ያወቅኸው? የእትዬ አምሳልን ሲቃ ሰምተህ ነው? ጃንጥላው ሲቀደድ ነው? ፊቴ ላይ ታይቶብኝ ይሆናል ብዬ ሳስብ ነበር የሰነበትኩት። ዳምጤ አይደለም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ገና ከቢቸና ሳልነሣ፣ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ነው ያወቅሁት አለኝ። ብናገር መሪውን ትከለክሉኛላችሁ፤ ዝም ብል እፈነዳለሁ፤ ለዚህ ነው እስከ ሞጣ የለፈለፍኩት አለ። እንዴት? አልኩት፤ ከእኛ ከሦስታችን አፍ አንዲት ቃል አልወጣችም እኮ!

ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ደም መስሏል። «በጋውን ሙሉ የሳቃችሁበትን አፍንጫ በአንድ ጠዋት ከነካህናታችሁ መጥታችሁ ስታመሰግኑት፣ እናቴ ካልሞተች ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» አለኝ።